ቆቡን ላወለቀ ሰው አትክፈት

ሰኞ፣ አማቼ የሄደ ዕለት

የምለውን ብቻ ጻፊ። ከራስሽ አትጨምሪ፤ አታሳምሪውም።

አማቼ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዛሬ ማለዳ ጭነቱን ይዞ ድንበር ሊሻገር ተነሣ፤ ክረምቱ ሳይወጣ አይመለስም። ሲሰናበተኝ ይህን ደብተር እጄ ላይ አስቀመጠና «አባባ፣ ልጄ ስትስቅ አላይ፣ ስትገለበጥ አላይ። ያዩትን ያስጽፉልኝ፤ ስመጣ አነበዋለሁ» አለኝ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ያውቃል። አፌ እንደማያርፍም ያውቃል።

እንግዲህ አማቼ፣ ይኸው። የምትጽፍልህ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ መርፌ ይላታል። በቅጥነቷ ብቻ አይደለም።

«እሱንም ልጻፈው?» አለችኝ። ጻፊው።

ሚስትህ፣ ማለትም ልጄ፣ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ዛሬ ወደ ፖሊስ ጣቢያዋ ተመለሰች። ቤት የቀረነው እኔና ልጅህ ነን። ሚጢጢ ነው የምላት። ዛሬ አልሳቀችም። አስነጠሰች፣ በገዛ ማስነጠሷ ደነገጠች፣ ከዚያ እኔን ተቆጣች።

ረቡዕ፣ ዝናብ

ልጄ ከሥራ ስትመለስ የደንብ ልብሷ ደረቱ ላይ ርሷል። «ጃንጥላ የለሽም?» አልኳት። «አባዬ፣ ወተት ነው» አለች። ጣቢያው ውስጥ ጡቷን የምታልብበት ክፍል የለም። ዕቃ ቤት ገብታ፣ አሮጌ ጎማ መሃል ቆማ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ነው የምታልበው። ዛሬ አንዱ ዕቃ ልወስድ ብሎ በሩን ገፋባት።

ማፈር ያለባት እሷ አይደለችም። አናጢ ነኝ፤ የዚህ ሰፈር በርና መስኮት የእኔ እጅ ነው። ለአንድ ዕቃ ቤት መወርወሪያ መግጠም ምን ሥራ አለው? ካስገቡኝ ነገ መሮዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ «ልጅዎ ዛሬ ስንት ሌባ ያዘች?» ይለኛል። ባየኝ ቁጥር ነው። «ካንተ ነው የምትጀምረው፤ ጢም ልላጭ ብለህ ጆሮ የምትወስድ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሌባ ስትይዝ እኔም ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ማታ

ዛሬ ጠየቅኋት። ሚጢጢን እያጠባች ነበር። የጡቷ ጫፍ ስለተሰነጠቀ ልጅቷ ስትጎርሰው ፊቷ ይጨማደዳል፤ ከዚያ ትንፋሿን ታወጣለች፤ ከዚያ ይለምድላታል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አደጋ ክፍል ነኝ አላልኩህም አባዬ?»

«መኪና ሲጋጭ መንገዱን ትለኪያለሽ?»

«የሚለኩት ሌሎች ናቸው። እኔና ሃምሳ አለቃው ቤተሰቡ ጋ ሄደን እናሳውቃለን።»

«ምኑን?»

ሚጢጢን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት። ገባኝ። ልጄ መርዶ ነጋሪ ናት።

ሥርዓት አለው አለችኝ። በስልክ አይነገርም። ብቻ አይኬድም፤ ሁለት ሆነው ነው። በሩ ሲከፈት ቆባቸውን ያወልቃሉ። «መግባት እንችላለን?» ይላሉ። የቤቱን ሰው ያስቀምጡታል፤ ቆሞ የሰማ ይወድቃል። ቁጭ ላላለ ሰው አይነገርም። ከዚያ ሃምሳ አለቃው ምድጃውን ያጠፋል።

«ምድጃ ለምን?»

አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት ነግረው ሲያጽናኗት የጣደችው ድስት አሮ፣ መጋረጃ ተያይዞ፣ ቤቱ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ምድጃ ነው። ሲናገሩም «ተጎድቷል፣ ደክሟል» አይባልም። «ሞቷል» ነው የሚባለው፤ ሰው በተስፋ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ዘመድ እስኪደርስ አብረው ይቆያሉ። ውሃ ያቀብላሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ ይሰደባሉ። አንዱማ በጥፊ ብሏታል።

«መልሰሽ አላቀመስሽውም?»

«አባዬ!»

«ሌባ መያዝ ይሻልሽ ነበር» አልኳት። ከልቧ ሳቀች። ደረቷ ሲነቃነቅ ሚጢጢ ጡቱን ለቀቀችና እሷም ሳቀች። ወተቱ በአገጯ እየወረደ። አማቼ፣ የመጀመሪያ ሳቋ ይሄ ነው። መርፌ፣ እዚህ ጋ ምልክት አድርጊበት።

ሐሙስ

ችኮላ። ሚጢጢ ሆዷ ተነፍቶ ስታለቅስ ዋለች። ጀርባዋን መታ መታ፣ ሆዷን ዳበስ ዳበስ። መጨረሻ ላይ እንደ ጥሩምባ አሰማችና ተገላገለች። መርፌ በሳቅ እጇ አልጽፍ ብሏል። በቃ።

ቅዳሜ፣ ጎርፉ መንገዱን የቆረጠ ዕለት

ልጄ ትናንት ማታ መምጣት ነበረባት። ዛሬ ረፋዱ ላይ መጣች። በፊት በር አይደለም፤ በጓሮ፣ በልብስ ማጠቢያው በኩል። ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋለች። እጇን ታጠበች። እስከ ክርኗ ታጠበች። እንደገና ታጠበች። ሚጢጢን ይዤ ስጠጋ «ቆይ አባዬ» አለች። ቆየሁ። ልጅቷ እናቷ ሸትታት አንገቷን ትወረውራለች። «ቆይ» አለች እንደገና፣ ክፍሏ ገባች፣ ከነካፖርቷ ተኛች።

ለሚጢጢ የዱቄት ወተት በጥብጬ ሰጠኋት። እንደ መድኃኒት ተፋችው።

ከባድ መኪና ገደል ገብቷል አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። የአንተ አይደለም፤ አንተ ማታ ደውለሃል።

ማክሰኞ

ለሚጢጢ ጡጦ ውሃ እጥዳለሁ፤ ዞር ስል ምድጃው ጠፍቷል። እለኩሳለሁ፤ ይጠፋል።

«ማነው የሚያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

እዚህ ቤት ፈልቶ የሚያውቅ ውሃ የለም።

ዓርብ

ጡቷ ነጠፈ። መጀመሪያ ተወጥሮ እንጨት ሆነ፤ ትኩሳት ያዛት። አታልበው፣ ልጅ አታስጠጋ። ከዚያ ነጠፈ። ተናገርኳት። «ለሰው ቤት ስትሮጪ የራስሽን ልጅ ማን ያቅፍልሽ?» አልኳት። አፌ ነው።

«እጄ ይከብደኛል አባዬ» አለች።

እጅ እንዴት ይከብዳል? ሰነፍ ልጅ አላሳደግኩም። ፀጉሯም ይረግፋል፤ ማበጠሪያው ላይ የወፍ ጎጆ የሚያህል አገኘሁ። አራስ ፀጉሯ ይረግፋል ትላለች መርፌ። ይሁን።

ይህን አትጻፊ፦ ሚጢጢን የምታያት በር ላይ ቆማ ነው። ልጅቷ ካለችበት ክፍል ደፍ አታልፍም። ግቢ ያልተባለች እንግዳ ትመስላለች።

ሰኞ

ሚጢጢን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ክብደቷ ቀንሷል። ነርሷ ሚዛኑን ሁለቴ አየችና «እናትየው ትተኛለች?» አለችኝ።

«ፖሊስ ናት፤ ፖሊስ ከተኛ አገሩን ማን ይጠብቃል?» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀችም። «አባባ፣ እናትየውን ያምጡልኝ። ለልጅቷ ብዬ አይደለም፤ ለእሷው ነው።»

«ልጄ አላበደችም» አልኳት፣ ሚጢጢን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ለልጄ አልነገርኳትም። ደክሟት ነው። ማን አይደክመውም?

ረቡዕ ሌሊት

መርፌን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነው የማስጽፈው። ታጉረመርማለች፣ ግን ትጽፋለች።

ልጄ መታጠቢያ ቤት ሆና ስታወራ ሰማኋት። ስልክ መስሎኝ ነበር፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። «መግባት እንችላለን?» ትላለች። ዝም። «ቢቀመጡ ይሻላል።» ዝም። «እኔ ልያዝልዎት።» ከዚያ ውሃውን ትከፍታለች። ትዘጋለች። «እኔ ልያዝልዎት።» ውሃ።

ምኑን ነው የምትይዝለት? ለማን?

ሥራዋን ትለማመዳለች ብዬ ጋደም አልኩ። ጋደም ማለት መተኛት አይደለም።

ዓርብ

ልጄ ከመውጣቷ በፊት ክንዴን ያዘችኝ። ጣቷ በውሃ ብዛት ተልጧል።

«አባዬ፣ እኔ በሌለሁበት ሰው ቢያንኳኳ አትክፈት።»

«ጎረቤትስ?»

«በመስኮት እይ። ቆቡን ላወለቀ ሰው አትክፈት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ካልከፈትክ አልሆነም ማለት ነው» አለችኝ፣ በጓሮ ወጣች።

አማቼ፣ ከደወልክ ሰነበትክ። መርፌ «እዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም» ትለኛለች። ከመርፌና ክር ውጪ የት ሄዳ ታውቃለች? ግን ደጋግማ ትለኛለች።

ማክሰኞ

ይህን ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። አንቺም ቀስ ብለሽ ጻፊ።

ከምሳ በኋላ ነው። ሚጢጢ ትከሻዬ ላይ፣ ውሃው ምድጃ ላይ። በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ። ጎረቤት እንዲህ አያንኳኳም፣ ሰካራምም አያንኳኳም። በመስኮት አየሁ። የፖሊስ መኪና ቆሟል። ሃምሳ አለቃው ደጄ ላይ ነው። ቆቡ በእጁ ነው።

ብቻውን ነው። ሁለት ሆነው አይደል የሚሄዱት? ሁለተኛዋ የለችም። ሁለተኛዋ ልጄ ናት።

አልከፈትኩም። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሬ ቢወጋው አይበገርም። ሚጢጢን አቅፌ በጀርባዬ ደገፍኩት።

«አባባ፣ እንዳሉ አውቃለሁ። መግባት እችላለሁ?»

«አትችልም!»

«አንዴ ላነጋግርዎት ነው።»

«እዚያው ሆነህ ተናገር!»

«አባባ፣ ቁጭ ቢሉ…»

«አልቀመጥም! ሰማህ? አልቀመጥም! መጀመሪያ ያን ቆብ ልበስ!»

አንገቴን ሰገግኩ። በመስኮቱ በኩል አየሁት፤ እጁን ተመለከተ፣ ቆቡን አየው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰውየው ሥራው ለምዶበት፣ የሰው ደጅ በደረሰ ቁጥር እጁ ራሱ ቆቡን ያወርዳል። ዳቦ ሊገዛ ሲገባም እንዲሁ ነው አሉ፤ ዳቦ ሻጯ አንድ ቀን ጮኻበታለች።

«ውይ! ውይ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ! ማንም አልሞተም! ልጅዎ መኪናው ውስጥ ናት!»

እሱ ይህን እስኪል ድረስ እኔ በሩን ተደግፌ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ የማን መርዶ ነው? የእሷ ነው ወይስ የባሏ? አማቼ… በልቤ «የእሱ ይሁን» አልኩ።

ይህን አትጻፊ።

ከፈትኩለት። ገባ። ገብቶም መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰለሽ? በቀጥታ ሄዶ ምድጃዬን አጠፋ። ያን ጊዜ ቁጭ አልኩ። «እጄ ነው አባባ፣ ልማዴ ነው፣ ማንም አልሞተም» እያለ መልሶ ለኮሰው።

ከዚያ ነገረኝ። ጎርፉ መንገዱን የቆረጠ ሌሊት፣ ገደል የገባው ሾፌር ቤት የሄዱት እሱና ልጄ ናቸው። አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከፈተችላቸው። ወንበሮቹ ላይ የታጠበ ልብስ ተከምሯል። ልታስቀምጣቸው ብላ ልብሱን ልታነሣ ስትል እጇ ሞላባት፤ ልጄ «እኔ ልያዝልዎት» ብላ ሕፃኑን ተቀበለቻት። የመናገሩ ተራ የልጄ ነበር። የሰው ልጅ አቅፋ «ሞቷል» አለች።

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ልጄ ሕፃኑን ልትመልስላት እጇን ስትዘረጋ «ልጅሽን ይዘሽ ውጪልኝ» አለቻት። «የኔ ልጅ አባት አለው።»

ሌሊቱን ሙሉ አልቀበልም አለች። መንገዱ ተቆርጦ ዘመድ አልደረሰ። ሕፃኑ ሲያለቅስ የልጄ ወተት በራሱ ጊዜ ፈሰሰ፤ ወተት የማን ልቅሶ እንደሆነ አይመርጥም። ሰዓት አልፎባት፣ ጡቷ ሞልቶ፣ ሕፃኑም ረሃብ ላይ ነው። አጠባችው። እስኪነጋ አጠባችው። ጠዋት የባልየው እናት ደርሳ ልትወስደው ስትል ልጄ አልለቀቀችውም። «ጣቷን አንድ በአንድ የፈታሁት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለኝ ሃምሳ አለቃው። ይህን ሲል ቆቡን ይጠመዝዛል።

«ለምን አልተነገረኝም?»

«ማን ይንገርዎት? ነጋሪዎቹ እኛው ነን።»

ዛሬም አንድ ቤት ሄደው ነበር። ልጄ ከመኪናው መውረድ አቃታት። ብቻውን ገብቶ ነገረ። ከዚያ ወደ ቤቷ አመጣት፤ የራሷ ደጅም ላይ መውረድ አቃታት። ሚጢጢን ይዤ እንድወጣ ሊለምነኝ ነው የመጣው።

ወጣሁ። ጃንጥላ ያዘልን። ልጄ የኋላ ወንበር ላይ እጆቿን ከጭኗ ሥር ደብቃ ተቀምጣለች።

«አባቷ ደወለ?» አለችኝ። እንዴት ነሽ ሳልላት።

«ደውሏል» አልኩ። ዋሸሁ።

እቀፊያት አላልኳትም። ስንት ቀን ሙሉ ስላት የኖርኩት ነገር ያን ጊዜ ከአፌ አልወጣ አለ። ሚጢጢን አጠገቧ ወንበሩ ላይ አጋደምኳት፣ እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚጢጢ የእናቷን የእጅጌ ቁልፍ ጨበጠች። ልጄ አላነሣቻትም፤ እጅጌዋንም አልነጠቀቻትም። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል። ሃምሳ አለቃው ውጪ ቆሞ ይረጥባል፤ ግባ ብለው እምቢ አለ።

ሲመሽ ደወልክ። ድምፅህን ስሰማ የሰደብኩህ ለዚህ ነው።

ሐሙስ

ልጄን ነርሷ ዘንድ ወሰድኳት። እኔ ውጪ አግዳሚ ላይ ጠበቅኋት፤ አግዳሚው ይነቃነቃል፣ የማይረባ አናጢ ነው የሠራው። ብዙ ቆዩ። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ ግን ደህና አድርጋ አየችኝ።

ነርሷ «በሽታ ነው፣ ይታከማል፤ ጥፋት አይደለም» አለችኝ።

«ልጄ አላበደችም ብዬሽ ነበር።»

«እኔስ አብዳለች አልኩዎት? ያምጧት ነው ያልኩዎት። መቼ ነበር?»

ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩላት። 

ጣቢያው ዕረፍት ሰጥቷታል። መድኃኒት ጀመረች።

እሑድ

የመርፌ ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጥታ በስህተት የእኛን በር አንኳኳች። ልጄ ምድጃውን ልታጠፋ ሮጠች። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር። ባዶ ምድጃ ላይ እጇን አድርጋ ቆማ ቀረች።

በሩን ነቀልኩት።

መሮ፣ መዶሻ፣ ማጠፊያው ወጣ። ደህና በር ነበር፤ እንዲህ ያለ አልተሠራም። ጓሮ ወስጄ ግድግዳ አስደገፍኩት። ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«አባባ፣ በዝናብ በር ይነቀላል? ሌባ ቢገባስ?»

«የፖሊስ ቤት ነው» አልኩት።

መርፌ ከወፍራም ጨርቅ መጋረጃ ሰፋች፤ የውጪውን የግቢ በር ማታ ማታ እቀረቅራለሁ። መጋረጃ አይንኳኳም። ሰው ሲመጣ «ቤቶች!» ይበል።

ልጄ መጋረጃውን ዳሰሰችው። ወጣች። ገባች። ደግማ ወጣች፣ ደግማ ገባች። ሚጢጢ ከውስጥ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ልነሣ ስል መርፌ ሸሚዜን ያዘችኝ። ልጄ የክፍሉን ደፍ አለፈች። አማቼ፣ አነሣቻት። ወተቱ አልተመለሰም፤ ነርሷ ይመለስ ይሆናል ብላለች፣ ባይመለስም ጡጦ አለ። ግን አነሣቻት።

ቅዳሜ

መርፌ ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበበችልኝ። አትጻፊ ያልኳትን ሁሉ ጽፋለች!

«ማነው የፈቀደልሽ?»

«ከራስሽ አትጨምሪ አሉኝ እንጂ፣ ቀንሺ አላሉኝም።»

ቀድጄ ልጥለው ነበር። ተውኩት። ያንብበው። በእሱ ላይ የተመኘሁትንም ያንብብ። ሰው በሩ ላይ ማን እንደሚሞት ሲመርጥ ምን እንደሚመስል እሱም ይወቀው። እሱም አባት ሆኗል።

ሰኞ

ጭነቱን አራግፈህ ተነሥተሃል አሉኝ። ዝናቡ አሁንም አላባራም።

ትናንት ሌሊት ተንኳኳ። በር የለም፤ ነቅዬዋለሁ፤ ጓሮ ቆሟል። ግን ተንኳኳ። ቀስ ብሎ። የእንጨት ድምፅ፣ የእኔ በር ድምፅ፤ በሺህ በር መሃል አውቀዋለሁ። ተነሣሁ። ልጄ ሚጢጢን ደረቷ ላይ አስተኝታ ተኝታለች፤ አልሰማችም። መጋረጃው አይነቃነቅም። ምድጃው ጋ ሄጄ አየሁ፤ ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው አላውቅም። እኔ እሆናለሁ።

መጋረጃው አጠገብ ወንበር አለ። አልተቀመጥኩም።

«ቤት ተሳስታችኋል» አልኩ፣ እንዳይነቁ ቀስ ብዬ።

ማንም አልመለሰልኝም። የሚሄድ እግርም አልሰማሁም። እስኪነጋ እዚያው ቆምኩ። ጠዋት ለመርፌ ስነግራት «ሕልም ነው አባባ» አለች። እያየችኝ ግን አይደለም ያለችው።

ይሁን፣ ሕልም ይሁን። ሥርዓቱን ግን ነግረውኛል፤ ቁጭ ላላለ ሰው አይነገርም። ዛሬም ማታ እቆማለሁ፣ ነገም ማታ። አማቼ፣ አንተ ቀስ ብለህ ንዳ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ።